ሰርቪስ የወጣሁበት ዓመት፣ ሲናና

መጸለይ የት ተማርክ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ደብረ ሊባኖስ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ የምል ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሲናና ነው የምለው። "ደግሞ እሱ የት ነው?" ይሉኛል። ባሌ ውስጥ፣ ሮቤን ከብቦ የሚገኝ የስንዴና የገብስ አገር ነው እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማስረዳት ግን ጊዜ ይወስዳል። ገዳም አልገባሁም፤ የሄድኩት ለማስተማር ነበርና።

የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። በእኛ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። ደንቡ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበት ነበር። አብዛኞቻችን በአስተማሪነት ነበር የምንመደበው። "እገሌ ሰርቪስ ወጣ" ይባላል፤ አንዱ ሐረርጌ፣ አንዱ ከፋ፣ አንዱ ትግሬ ይበተናል። ለእኔ በ1965 ዓ.ም. ባሌ ደረሰኝ። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ልጅ ባሌ ያን ጊዜ ከውጭ አገር አይተናነስም ነበር። ቋንቋውን አላውቅ፣ ዘመድ የለኝ፣ ብርዱንም ገና በወሬ ነበር የማውቀው።

ስድስት ኪሎን ትቼ ስሄድ ግቢው እንደ ጋለ ነበር። የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ከተገደለ ወዲህ የተማሪው ልብ አልበረደም። እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦርቶዶክስ ተማሪዎቹ ማኅበር፣ ወደ ሃይማኖተ አበው ጉባኤ እሄዳለሁ፤ ማታ ደግሞ ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ጽሑፍ አነባለሁ። "መሬት ለአራሹ" ሲባል ደሜ ይሞቃል፤ ዛሬም ቢሆን ይሞቃል። ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚከራከር ሰው በየጥጉ ሞልቶ ነበር፣ እኔም ክርክሩን እወደው ነበር። ጸሎቱ ግን ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እየሳሳ ሄዶ፣ ሳላነጋግረው የምውል የቆየ ወዳጅ ሆኖብኝ ነበር።

መንገዱን አልረሳውም። ያን ጊዜ አስፋልቱ ሻሸመኔ ላይ ይቀር ነበር። ከዚያ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ እያለ አቧራውና ጠጠሩ ይቀጥላል። ዲንሾ ላይ ጥዱና ኮሶው ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፣ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር የጭቁኝ ሽታ ይገባል። ፈረሰኞች መንገዱ ዳር ቆመው አውቶቡሱን ያሳልፋሉ፤ ሴቶቹም በፈረስ ናቸው። ሲመሽ ውርጩ በመስታወቱ ስንጥቅ ገባ። እኔ የለበስኩት የአዲስ አበባ ኮት ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ጥምጥም ያሰሩ፣ መቁጠሪያቸው በጣታቸው መሐል የሚሄድ፣ አማርኛ ብዙ አይናገሩም። አዩኝ አዩኝና ቡሉኳቸውን ግማሹን በእኔ ትከሻ ላይ ጣሉት። ሮቤ እስክንደርስ ድረስ በአንድ ቡሉኮ ውስጥ ሄድን። የቅቤና የጭስ ሽታ ነበረው። ስንወርድ እጄን ይዘው የሆነ ምርቃት መረቁኝ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ አሜን አልኳቸው።

ሽማግሌው ይህንን ያደረጉልኝ መቼ እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በእነ ዋቆ ጉቱ የተመራው የባሌ ዐመፅ ካበቃ ገና ሦስት ዓመት ያህል ነበር የሆነው። ሰዉ በመሬቱና በግብሩ ብዙ ተበድሏል፣ ብዙ ልጅ ቀብሯል። ከአዲስ አበባ የመጣ አማርኛ ተናጋሪ የመንግሥት አስተማሪ በክፉ ዓይን ቢታይ ማን ይፈርድባቸዋል? በክፉ ያየኝ ሰው አላስታውስም። በኋላ፣ ስለ ባልንጀራ የተጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር ያ ቡሉኮ ነው የሚመጣብኝ።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥቁር ሻሽ የማይለያቸው አሮጊት ነበሩ። እማማ እላቸው ነበር፤ እሳቸው "አንተ አስተማሪው" ሲሉኝ ቆይተው ከጥቂት ጊዜ በኋላ "ልጄ" አሉኝ። በእኔ ክፍልና በእሳቸው መሐል ያለው ግድግዳ ጭቃው የረገፈ ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል። ዶሮ ሳይጮኽ ይነሳሉ። መጀመሪያ የእሳት ማራገቢያው ድምፅ፣ ቀጥሎ የወይራ ጭስ፣ ቀጥሎ ውዳሴ ማርያም። ማንበብ አይችሉም፤ የየዕለቱን ግን ሳያዛንፉ በቃላቸው ይወጡታል። ከዚያ የሰው ስም መጥራት ይጀምራሉ። የሞቱትን፣ የታመሙትን፣ የታሰሩትን፣ ጎረቤታቸውን ሐጂን ከነልጆቻቸው። አንድ ቀን ማለዳ እንቅልፍና ንቃት መሐል ሆኜ የእኔን ስም ሰማሁ። ቀጥሎም የእናቴን ስም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሬያቸው ነበር። ብርድ ልብሱ ውስጥ እንዳለሁ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ስድስት ኪሎ የሰማሁት ክርክር ሁሉ፣ የሚደግፈውም የሚቃወመውም፣ እንደዚያ ማለዳ አላንቀሳቀሰኝም።

ሳጥናቸው ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው፣ ልጃቸው ትቶላቸው የሄደ። "ዓይን ያለው ሰው ቤቴ ገብቶ መጽሐፉ ተዘግቶ ይደር?" አሉኝ አንድ ምሽት። ከዚያ ወዲህ ከእራት በኋላ በኩራዝ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፣ እንዝርቱ ይሾራል። ደስ ያላቸው ቦታ ሲደርስ እንዝርቱ ቀጥ ይላል፤ እኔም ሳልባል መልሼ አነበዋለሁ። የማቴዎስን፣ የማርቆስን፣ የሉቃስን፣ የዮሐንስን ወንጌል ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት እንዲህ ነው። ሃይማኖተ አበው ውስጥ ጥቅስ እናጠና ነበር፤ ታሪኩ ግን አንድ ወጥ ሆኖ፣ ጌታ ሲደክመው፣ ሲርበው፣ በሰው ቤት ሲያድር የታየኝ እማማ ምድጃ ዳር ነው። ድሀ ሲበደል የሚቆጣበት ቦታ ላይ ስንደርስ ደግሞ "ይኸው! ይኸው!" ይላሉ። ያን ጊዜ የልቤ ሁለት ወገን፣ ጉባኤውና ዶርሙ፣ አንድ ቤት ውስጥ የተገናኙ መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ከሜዳው ዳር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ልጆቹ ከየት እንደሚመጡ አይታይም፤ ድምፃቸው ይቀድማል። ከሩቅ የገበሬ ቀዬ በባዶ እግራቸው፣ በርዷቸው ይመጣሉ፣ እጃቸው እስኪሞቅ እርሳስ አይጨብጡም። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት አዝመራ አለው፣ ገናና ቦና ይሉታል። ብዙው አገር አንዴ ሲያጭድ ሲናና ሁለቴ ያጭዳል፤ በአጨዳ ጊዜም ክፍሉ ይሳሳል፤ ስም ስጠራ "እርሻ ነው፣ ቲቸር" የሚል መልስ ከየረድፉ ይመጣል። ከእኔ ብዙ የማያንስ፣ አገጩ ፀጉር የያዘ ተማሪም ነበረኝ። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ጠዋት ክፍል ስገባ "አከም ቡልተን" ስላቸው የሚነሳው ሳቅ እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይሰማ ነበር።

ያን ዓመት ረመዳን ጥቅምትን ሞላው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ይጾሙ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጠው ልጅ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባ፣ በወይራ የታጠነ ጮጮ ይዞ ደጄ ቆመ። "እናቴ ናት የላከችልዎ" አለኝ። እርጎ ነው። ምራቁን እንኳ በጭንቅ የሚውጠው ልጅ ያንን ሁሉ መንገድ እርጎ ተሸክሞ መጥቷል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጾምኩ። እስከዚያ ድረስ ጾም ለእኔ የእናቴ ወጥ ዘይት የሚሆንበት ወራት ነበር። መጾም እንዴት እንደሆነ ያሳየኝ የሙስሊም ልጅ ነው ብል የሚቆጣ ሰው ይኖር ይሆናል፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄዱት ገሪባዎችም በሮቤ ያልፉ ነበር፣ ጫፉ መንታ የሆነ በትራቸውን ይዘው እያዜሙ። እማማ ደጃቸው የቆመን መንገደኛ ውኃና ዳቦ ሳይሰጡ አያሳልፉም። "የእግዚአብሔር እንግዳ ነው" ይላሉ፣ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ አይጠይቁም።

ደመወዜን ለመቀበልና ደብዳቤ ለማየት ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ ወዳለችው ጎባ እሄድ ነበር። ጎባ ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። እዚያ ከሕንድ አገር፣ ከኬራላ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ተዋወቅሁ። በዚያ ዘመን ሕንዳዊ መምህር የሌለበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሚስቱ ሩዝ በኮኮናት ዘይትና በማላውቀው ቅጠል ስትሠራ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበለኛል። እኔን ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል መራቄ ሲከፋኝ፣ እሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ "ቀዝቃዛ ነው እንጂ ጥሩ አገር ነው" ይላል።

አንድ እሁድ ቅዳሴ ላይ አየሁት። ጫማውን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ በወንዶች በኩል ቆሟል። ግእዝ አያውቅም፤ ግን የት እንደደረስን ያውቃል። የሚሰገድበትን፣ የሚታጠንበትን ቦታ አይስትም። ኪርያላይሶን ሲባል አፉ ይንቀሳቀሳል፤ በአገሩ ቅዳሴም አለና። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን አጫወተኝ። እምነታቸውን ከሐዋርያው ቶማስ ተቀበልን ይላሉ። ጾመ ነነዌን እንደ እኛው ሦስት ቀን ይጾማሉ። በጥር 1957 ጃንሆይ የአኃት አብያተ ክርስቲያናትን አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የእሱም አባቶች መጥተው እንደነበር ነገረኝ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ከአገሩ ለማስተማር መጥተው አማርኛ አጥንተው ስለነበሩት ስለ ፖል ቨርጊስ፣ በኋላ ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ስለተባሉት ጳጳስ፣ በኩራት ያወራል። እኔ እምነቴን የሰፈሬ፣ የእናቴ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ጎባ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆ ጀርባ፣ ዓለም ያህል ሰፋ።

የፋሲካው ለት ሚያዝያ 21 ነበር። ሁዳዴውን ከእማማ ጋር ጨርሼዋለሁ። የነፍስ አባታቸው፣ በሳምንቱ መሐል በሬ ጠምደው የሚያርሱ ቄስ፣ ከእርሻ ሲመለሱ እያገኘሁ ብዙ ምሽት አዋርተውኝ ነበር። ጥያቄዬን ሁሉ ይሰሙኛል፤ ያላወቁትን "ይህንን ሊቃውንት ይጠየቁ" ብለው ያልፉታል፣ ይህ ደግሞ የበለጠ እንዳምናቸው አደረገኝ። ንስሐ ገባሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረብኩ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ስንወጣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ ጧፉ ገና በሰው እጅ ይበራል። ቤት ስንደርስ ሐጂ ማገዶና አንድ ጮጮ ወተት ደጅ አስቀምጠው ሄደዋል። እማማ አላለቀሱም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በሰኔ ልጆቹ ጭኮ በሳህን፣ ማር በቅል ይዘው ሸኙኝ። ስድስት ኪሎ ስመለስ ወሬው ሁሉ የወሎ ረሃብ ሆኖ ቆየኝ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አብዮቱ መጣ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱም ቀርቶ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሆነ። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሌላ ነገር ሊነግረኝ ከመጣ ሰው ነው። በአስጨናቂዎቹ የአብዮት ዓመታት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም በዓይን በሚያስገባበት ጊዜ፣ በማለዳ ተነስቼ ስም መጥራት ግን አልተውኩም። የምጠራው በእሳቸው ቅደም ተከተል ነው፣ የሞቱት መጀመሪያ። አሁን የመጀመሪያው ክፍል ረዝሟል።

ዛሬ እስከ ሮቤ አስፋልት ነው። ስንዴው በኮምባይነር ይታጨዳል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የልጄ ልጅ የምትማረው እዚያ ነው። ሲመድቧት እናቷ አለቀሰች። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አሁን የማስተማር ልምምድ ላይ ናት። ማታ ማታ ግቢ ጉባኤ ትሄዳለች፣ እሁድ እሁድ ትዘምራለች። ስትደውልልኝ ስለ ፈተናና ስለ ዶርም ውኃ ታወራኛለች፤ እኔ ደግሞ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደተገፈፈ እጠይቃታለሁ። በስልክ ፎቶ ትልክልኛለች። ሰፈሩን አላውቀውም፣ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮና ብሎኬት ሆኗል። ከጀርባ ያለውን ተራራ ግን አውቀዋለሁ።

ያን ዓመት ወደ ተራራው አምባ፣ ወደ ሳነቴ፣ አልወጣሁም፤ ከጎባ ሆኜ በሩቁ ሳየው ነበር የከረምኩት። የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ልጅቷ ደውላ "አባባ፣ ያንተ ተራራ!" አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ እንድመጣ ትፈልጋለች፣ ከጓደኞቿ ጋር መኪና ተከራይተው እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ሊያወጡኝ። 4,377 ሜትር ነው። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ቀስ ብለህ ከወጣህና ብዙ ካልቆየህ ችግር የለውም ብሎኛል።