ረጋጩ ሳጥን፤ የስቲልዋተር ከተማ ሥራ

አንባቢ ሆይ፤ ዕድል ገጥሞህ ወደ አሜሪካ ብትሻገር፥ ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ ስቲልዋተርን ሳታይ አትመለስ። አፈሩ ቀይ፥ ሜዳው ስንዴና የከብት ግጦሽ ነው። ከተማዪቱ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ዛሬ ሐረማያ የሚባለውን የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም የረዱን መምህራን የመጡት እዚሁ ካለው ኮሌጅ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ጎብኝተዋታል።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ እርሻ ሳይሆን ስለ መኪና ሙዚቃ ነው። በ1973 ስቲቭ ኧርቢ የተባለ ሰው በዚህች ከተማ፥ አንዲት መኪና ብቻ በምታቆም ጠባብ ቤት ውስጥ፥ ለሙዚቀኞችና ለአብያተ ክርስቲያናት ስፒከር በእጅ ይሠራ ጀመር። የአገሩ ገበሬ የሚነዳው ፒካፕ ነው፤ የፒካፕ ጋቢና ደግሞ ጠባብ ነው፤ እንደ ሌላ መኪና ሳጥን የሚከቱበት ኮፈን ከኋላው የለውም። በ1980 ለፒካፕ ተብሎ የተሠራ የስፒከር ሳጥን ወጣ። ስሙም «ኪከር»፥ በእኛ ቋንቋ «ረጋጭ» እንደ ማለት፥ ተባለ። የበቅሎ ርግጫ የቀመሰ ሰው ስሙ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ሠሪው የጎረቤቱን መኪና ያውቅ ነበርና ሥራው ሰመረ።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ተለወጠ። ብዙ ስመ ጥር የአሜሪካ ኩባንያዎች ንድፉን በአገራቸው እያወጡ ዕቃውን በእስያ፥ ይልቁንም በቻይና ያሠራሉ። በቻይና የተሠራ ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን አላዋቂነት ነው፤ አዛዡ ከፍሎና ተቆጣጥሮ ካሠራ እዚያም ደኅና ዕቃ ይወጣል። የሚያስቀይመው ተቆጣጣሪ የሌለው ርካሹ ነው።

«2000 ዋት» ተብሎ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ትንሽ አምፕሊፋየር በርካሽ ስታገኝ ደስ አይበልህ። አገላብጠህ ፊውዙን እይ። 30 አምፔር ቢል፥ ሞተሩ የተነሣ መኪና የሚሰጠው 14.4 ቮልት ግድም ነውና ሁለቱን አባዛ፤ 432 ዋት ይሆናል። ይህም የሚገባው ነው፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ የሚወጣው ያንሳል። ከ1500 የሚበልጠው ትርፍ ዋት ታዲያ ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት!

ከባትሪው የሚመጣውንም ሽቦ ጫፉን በቢላዋ ፋቅ አድርገው። ነጭ ብረት ብቅ ካለ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከመዳብ ከመቶ 61 እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ በእኩል ውፍረት ቢዘረጋ ይበልጥ ይግላል። በምንጣፍ ሥር የተቀበረ ሽቦ ሲግል ምን እንደሚያስከትል አንተው ገምት።

የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች ማኅበር ለዚህ መለኪያ አውጥቷል፤ ኃይሉ በ14.4 ቮልት፥ ድምፁ ከመቶ አንድ እጅ ሳይበላሽ ይለካ ይላል። መለኪያውን መከተል ግን በውድ ነው። ስለዚህ ለክቶ «300 ዋት» ብሎ የጻፈው ሐቀኛ፥ ሳይለካ «2000» ብሎ ከጻፈው ጎን በአንድ መደርደሪያ ይቆማል፤ ዋጋውም እጥፍ ነው። የወር ደመወዙን ቆጥሮ የመጣ ወጣት ጸሐፊ እጁን ወደ የትኛው እንደሚሰድ ባለሱቁ ያውቃል።

ስቲልዋተር ደርሰህ አንድ አሮጌ ፒካፕ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ሲያልፍ ብትሰማ፥ ባለቤቱን አስቁመህ ስለ ሳጥኑ ጠይቀው። የዚያ አገር ገበሬ ጨዋታ ይወዳል፤ ምሳህን በልተህ ሂድ።