የተረተርኩት ሸሚዝ

የቆቦ ልጅ ነኝ። አባቴ ማሽላ አራሽ ነው፤ ዝናብ በቀረ ዓመት ከራያ ቆላ ብዙ እህል አይገባም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። በ2010 መጨረሻ እዚያ ካሉት ልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠርኩ።

የተመደብኩት ኮሌታ ላይ ነው። ጨርቁ በጅቡቲ በኩል ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ቁልፉም ክሩም እንዲሁ። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ተቆርጦና ተቆጥሮ ነበር። ኮሌታውን ገጥሜ ለቀጣይዋ አቀብል ነበር። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የአገራችን የልብስ ፋብሪካ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ። የኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚተርፍ አልነበረውም። ሆኖም ወር ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ነውና አልናቅሁትም፤ ዛሬም አልንቀውም።

ሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደረሰ፤ ስልክ ተቋረጠ። ጳጉሜን 4 በከተማችን ሰዎች መገደላቸውን ዘግይቼ ከተፈናቃዮች ሰማሁ። የቤተሰቤን ወሬ ሳላገኝ ኮሌታ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ። አራት ሴቶች ሆነን በእግር ወጣን። ፈርቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቃሉ ገጠር ውስጥ አንዲት እናት ደጅ ቆመን ውኃ ጠየቅን። ውኃውን ሰጥተው «የት ልትሄዱ? ግቡ» አሉን። አምስት ሳምንት አኖሩን።

በቤቱ ጥግ የሟች ባላቸው ሲንጀር የስፌት ማሽን ጆንያ ለብሶ ቆሟል። ፋብሪካ ሰፊ መሆኔን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው፣ ከአሮጌ ቀሚሳቸው ለልጅ ልጃቸው ሸሚዝ እንድሰፋ ጠየቁኝ። መቀሱን ይዤ ቆምኩ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። በሦስት ዓመት ስንትና ስንት ሸሚዝ በእጄ አልፏል፤ አንድም ሸሚዝ ግን ሰፍቼ አላውቅም።

«እማማ፣ ኮሌታ ብቻ ነው የማውቀው» አልኳቸው።

«አብሽሪ» አሉና ከሳጥን የባላቸውን ሸሚዝ አወጡ። «ተርትሪው። እሱ ራሱ ይነግርሻል።»

የሟች ልብስ ነውና እጄ ከበደኝ። በምላጭ ተረተርኩት፦ መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ከዚያ ጎኑን። ቁርጥራጩን መደብ ላይ ዘረጋሁት። ትከሻው ካልተያያዘ ኮሌታው የሚቀመጥበት እንደሌለ ያኔ ነው ያየሁት። ቅዱን በቀሚሱ ላይ አድርጌ፣ በከሰል አስምሬ፣ አሳንሼ ቆረጥኩ። አንደኛው እጅጌ ተገልብጦ ገባ፤ ተርትሬ ደገምኩት። ልጁ ሲለብሰው አንድ ትከሻው ከፍ ብሎ ነበር። ሁለተኛው ሸሚዝ ቀና። የባላቸውንም ሸሚዝ መልሼ ገጥሜ ሰጠኋቸው፤ አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ጎረቤቶች የተቀደደ ልብስ ይዘው መጡ፣ ማሽላና በርበሬ ይሰጡን ጀመር። እስከዚያ ቀን የሳቸውን እህል ነበር የምንበላው።

ኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ፓርኩ ተዘርፏል። ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ሸሚዛችን ያለ ቀረጥ የሚገባበት በር ተዘጋ፤ እኔም ወደ ማሽኔ አልተጠራሁም። አገሬም እንደኔ ኮሌታ ብቻ ይዛ እንደቆየች የገባኝ ያኔ ነው፦ ጨርቁ የሰው፣ ክሩ የሰው፣ ገበያውም የሰው። ጥጥ ግን መተማና አዋሽ ይበቅላል፤ ጨርቅ የሚሸምን ፋብሪካም እዚያው ኮምቦልቻ አለ። እነዚህ ከልብስ ስፌቱ ጋር ከተገናኙ ሥራው ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወደ ቆቦ ተመልሼ ስገባ ወላጆቼን በሕይወት አገኘኋቸው፤ ተመስገን። ነሐሴ 2014 ዳግም ተሰደድን፤ ጥቅምት 2015 ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ ተመለስን። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ ማሽን ገዛሁ። አሁን የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ልኬቱንም፣ ቅዱንም፣ ስፌቱንም ራሴ።

ጋርመንት የምትሠሩ እህቶቼ፣ በምሳ ሰዓት ከጎናችሁ ያለችውን «ሥራሽን አሳዪኝ» በሏት፤ የናንተንም አሳዩዋት።