ዳራው የማይቆረጥ አገር

አርባ ምንጭን ከነሙቀቷ ትተን ጉጌ ተራራ ላይ ወዳለችው ዶርዜ ሽቅብ ስንወጣ፣ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር አባያና ጫሞ እየተፈራረቁ ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ቀላ ያለ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት መሬት ተጋድሟል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ፣ በሸሚዝ የተነሳ ሰው ጋቢ ያሰኘዋል። እኔንም አሰኘኝ።

ከአዲስ አበባ በልቤ ይዤ የመጣሁት የግርማ በርታን ፎቶግራፎች ነበር። ግርማ ጎዳና ላይ ያገኘውን ሻጭና አላፊ አግዳሚ በእጅ ስልኩ ያነሳና ከግርግሩ ቆርጦ አውጥቶ፣ በደማቅ ባለ አንድ ቀለም ዳራ ላይ ከነጥላው ብቻውን ያቆመዋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የ10,000 ዶላር ድጋፍ ሲሰጡት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። በየቀኑ አጠገባቸው የማልፋቸውን ሰዎች ቆሜ እንዳይ ያደረገኝ እሱ ነው። ዶርዜ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። እዚህ ማን ከምን ይቆረጣል?

የመጀመሪያውን ቤት ሳይ ደነገጥኩ። ዝሆን ነው! ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የቆመው ቤት ከላይ እንደ ዓይን ሁለት የጭስ መውጫ አለው፤ መግቢያው እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጥቷል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የተበላውን እየቆረጡ ይጥሉታል፤ ቤቱም ዓመት በዓመት እያጠረ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያረጃል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። እኛ አዲስ አበቤዎች ቤት ሲፈርስ እንጂ ሲሄድ አናውቅም።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጭስ፣ ከብትና የቦካ እንሰት ይሸታል። በጓሮ በኩል እናት እንሰቱን ጣውላ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ስንጣሪ ይፍቁታል፤ ጭማቂው ቁልቁል ይንጠባጠባል። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቦካል። «ብላ ልጄ» ብለው ስስ የቆጮ ቂጣ በማርና በዳጣ አቀረቡልኝ። ማሩን በልቼ ዳጣውን ሳስከትል እንባዬ መጣ፤ ሳቁብኝ።

ደጃፉ ላይ ሽማግሌው ባላቸው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ይሸምናሉ። እዚህ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። የመወርወሪያው ድምፅ ለጆሮዬ እንግዳ አይደለም፤ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት አብዛኞቹ የዚሁ የጋሞ ምድር ልጆች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የቋጠሩትን ይዘው ለመስቀል ወደዚህ ይመለሳሉ። እምነት፣ ተስፋና የዕለት እንጀራ በአንድ ድርና ማግ ሲያልፉ ያየሁት እዚሁ ነው። የአንገት ልብስ ዋጋ ስጠይቅ 700 ብር አሉኝ። ሽሮ ሜዳ ቢሆን እከራከር ነበር። እዚህ አፈርኩ።

ስልኬን አውጥቼ የተንበረከኩትን የጋሞ ሽማግሌዎች ታዋቂ ምስል አሳየኋቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነስተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ።

«ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ማን ይሻገራል?» አሉኝ አባባ፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ።

ይህን ፎቶ ከዳራው ብንቆርጠው የተንበረከኩ አረጋውያን ብቻ ይቀሩናል፤ ማንን እንደለመኑ፣ ምን እንዳስቀሩ አይታይም። መንገዱና ከፊታቸው የቆመው ወጣት ናቸው ትርጉም የሚሰጡት። ግርማ ቢሰማኝ ላይስማማ ይችላል፤ ክርክሩን እወደው ነበር። ኤግዚቢሽን የማዘጋጀት ዕድል ቢገጥመኝ የእሱን ሥራዎችና ይህን ምስል በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት እሰቅላቸዋለሁ፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ደግሞ የመግቢያ ክፍያ አልቀበልም።