«ቢላ ከነካው ይዛመታል!» ለአክስቴ ስል ገለምሶ ደርሼ መጣሁ

ገለምሶ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጫት ነው። መቼም አይፈረድበትም፤ ከተማዋ ስሟን ያስጠራችው በጫቷና በቡናዋ ነው። እኔ ግን ኅዳር ላይ ወደዚያ የሄድኩት ለበርጫም ለቡናም አልነበረም። ጡቷ ላይ እብጠት የወጣባት አክስቴ «ሆስፒታሉን ትቼዋለሁ፣ የባህል መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ብላ ስለላከችብኝ ነው። (ስሟን አልጽፍም። ሰው ካወቀባት ከበሽታው ይልቅ እሱ ነው የሚገድላት!)

መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ፣ አዋሽንና ሚኤሶን እስክታልፉ ድረስ ሙቀት ነው። ከሚኤሶ በኋላ ግን መኪናው የጨርጨርን ተራሮች እየተጠማዘዘ ሲወጣ ነፋሱ ይቀዘቅዝና ሰው ነፍስ ይዘራል። ጭሮን ትልልቆቹ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት። እዚያ መናኸሪያ ወርጄ ሌላ መኪና ያዝኩና በበዴሳ በኩል ጉዞ ወደ ገለምሶ። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለነበር በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ጫት የጫነ አይሱዙ ከፊት ለፊት በመጣ ቁጥር ሹፌራችን ጥግ ይይዝለታል። «ምነው ይሄን ያህል?» ብለው «አቦ፣ እሱ ሰዓት አለበት! ጫት ካደረ ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አክስቴ ከቡና ገለፈትና ከወተት የሚፈላውን ሆጃ አፍልታ ጠበቀችኝ። ሳቋ ያው ነው፤ ትከሻዋ ግን ሰልሏል። ማታ ሁለታችን ስንቀር ነገረችኝ። እብጠቱን ያገኘችው በፋሲካ ሰሞን ገላዋን ስትታጠብ ነው። የባቄላ ፍሬ ቢያክል ነው። ስላላመማት ተወችው። (እህቶቼ፣ ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይሄው ነው፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም!) ክረምት ሲገባ እንቁላል አከለ፤ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎደጎደ። ያኔ ባሏ ይዟት ሄደ። በመርፌ ናሙና ተወሰደላት፤ ውጤቱ የጡት ካንሰር ሆነ። «መጀመሪያ ኬሞ ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ጡትሽ ይወጣል» ተባለች።

«ስንት ደቂቃ አናገሩሽ?» አልኳት።

«አምስትም አይሞላ። ቀጣዩ ሰው በር ላይ ቆሟል።»

ከዚያ ወጥታ መኪና ተሳፍራ ቤቷ ገባች። ገለምሶ ስትደርስ ሰው ያመላከታት መድኃኒት አዋቂ ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ አብሯት ተቀመጠ። ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ እንቅልፏን ጠየቃት፣ እጇን ይዞ አጽናናት። በማር የሚዋጥ ዱቄትና እብጠቱ ላይ የሚለጠፍ ቅጠል ሰጣት። ሲወጣም «ቢላ አታስነኪው፤ ቢላ ከነካው ይዛመታል» አላት። እናንተስ ብትሆኑ ማንን ትሰማላችሁ? እኔ አክስቴ ላይ አልፈረድኩም። አምስት ደቂቃና ግማሽ ቀን እኩል አይመዝኑም።

በዚህ ላይ ምክሩ አያልቅም። ጎረቤቷ የሆኑት እናት ዘምዘምና ጥቁር አዝሙድ አምጥተውላታል። አንዱ ዘመድ «በጋለ ብረት ይተኮስ» ይላል። እሷ ራሷ ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች፤ ታኅሣሥ 19 ሳይደርስ የትም አልንቀሳቀስም ብላለች።

እኔ አስራ ሁለተኛን የጨረስኩ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከመሄዴ በፊት ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ ስጠይቅ፣ የቻልኩትን ሁሉ ሳነብ ነበር። ስለ ቢላው ልንገራችሁ። ይሄ ወሬ ያለ ምክንያት አልተወለደም። በአገራችን ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ወደ ሌላ አካል ከሄደ በኋላ ነው። ይቆረጣሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያርፋሉ፤ ለቀስተኛው «ቢላው ነው የገደላት» ይላል። የገደላት ግን ሳትመጣ የቆየችበት ጊዜ ነው። ቀድሞ የተደረሰበት እብጠት እንዲያውም ጡቱ ሳይወጣ እብጠቱ ብቻ ወጥቶ በጨረር የሚታከምበት ጊዜ አለ። አክስቴ ይሄን አልሰማችም፤ የነገራት የለማ!

ቅጠልና ሥር አልንቅም። ፓክሊታክሴል የሚባለው ለጡት ካንሰር የሚሰጠው የኬሞ መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ልዩነቱ ስንት ግራም፣ ለማን፣ በስንት ቀን እንደሚሰጥ ለዓመታት መለካቱ ነው። የአክስቴ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ግን ከሰጣት ሰውዬ በቀር የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታቸው ገና ሳይሠራጭ ዘመናዊውን ሕክምና ትተው አማራጩን ብቻ የመረጡ 281 የካንሰር ሕሙማን ተገኝተው ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የጡት ካንሰር ያለባቸው ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። ሀብትም አይረዳም። የአፕል ኩባንያው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2003 የጣፊያ እጢው ላይ ዕጢ ሲገኝበት ቀዶ ሕክምናውን ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ አቆይቶ በምግብና በቅጠላ ቅጠል ሞከረ፤ በ2011 ሞተ። ቶሎ ቢታከም ይድን ነበር ብሎ የሚምል ሰው ባይኖርም፣ ዘጠኙ ወር ግን ተመልሶ አልመጣለትም።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ሰምታ ምን አለች መሰላችሁ? «እሱስ ይሁን፤ ግን የት ሄጄ? ማን ቤት አድሬ?»

እውነቷን ነው። ኬሞ አንድ ቀን ተወስዶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ለወራት ያመላልሳል። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ግን ለሐረርጌ ሰው ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የካንሰር ሕክምና አለ። አዲስ አበባ ለሚሄዱት ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር መጥተው ማደሪያ ላጡ ሕሙማን መጠለያ አለው። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ፣ ሪፈር ከመጻፉ በፊት ምን ድረስ እንደሚሸፍንላችሁ ጠይቁ። በኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

ጸሎቱንና ዱዓውን ማንም አይከለክልም፤ ማሩንም ጥቁር አዝሙዱንም እንደ ምግብ መቅመሱ ባልከፋ። መተኮሱ ግን በጭራሽ! ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። እብጠቱን የሚያቆስል ቅጠልም ይቅር። ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄት ደግሞ ኬሞ ከተጀመረ በኋላ ጉበትና ኩላሊት ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የምትወስዱትን ሁሉ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። (ሐኪሙም ሲሰማ ባይቆጣ ጥሩ ነበር! ሰው የሚደብቀው ቁጣ ፈርቶ ነው።)

በማግስቱ ጠዋት መንገድ ዳር ቆመን ጫት ጭነው የሚወጡትን መኪኖች እያየን «እትዬ፣ ለጫቱ አንድ ቀን እንዳያድር የሚሯሯጠው ከተማ ለአንቺ ሰባት ወር ሲጠብቅ አይገርምሽም?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

«ስለቴስ?» አለች። «ታኅሣሥ 19 እኮ ገና አምስት ሳምንት አለው።»

«ሐረር ስንሄድ ቁልቢ መንገዳችን ላይ አይደለም እንዴ? ወርደሽ ተሳልመሽ፣ ስለትሽን ሰጥተሽ ትሳፈሪያለሽ።»

ዝም አለች። «ያለ በዓሉ ይቀበለኛል ብለሽ ነው?»

የመለሱላት ዘምዘሙን ያመጡት ጎረቤቷ ናቸው። «ገብርኤል ቀን ይቆጥራል እንዴ? ተነሽ፣ ልብስሽን አስተካክዪ!» ብለው እየተቆጡ ገብተው ጥቁር አዝሙዱን በላስቲክ ይቋጥሩላት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርን። ሪፈሯን ከነ ውጤቱ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ እኔ ዘወር ብላ «እንዳትሳሳቺ፣ ይቆረጥ ብዬ ቃል አልሰጠሁም። ልጠይቅ ነው የምሄደው» አለችኝ።

«ጠይቂ» አልኳት። በዴሳ እስክንደርስ የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ስትነግረኝ፣ እኔ ደብተሬ ላይ ስጽፍላት ሄድን። አስራ አንድ ሆኑ።