ሰው በቲኬት፣ ፍሳሽ በነጻ

ሐይቅ የማን ነው? ጥያቄው የሞኝ ይመስላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ከዚያም አልፎ የውሃ ዳርቻን ለመከለልና በተከለለው ዳርቻ መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ለመከልከል ሥልጣን ሰጥቷል። እንግዲህ በወረቀት ሁላችንም ባለሐይቅ ነን ማለት ነው።

ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱና ቢሾፍቱ ውረዱ። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። በየዓመቱ በኢሬቻ ዕለት የሆራ ዳር የሕዝብ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በሌላው ቀን ግን፣ በተለይ በባቦጋያ ዙሪያ፣ በሎጁና በግለሰቡ አጥር መሃል ሾልኮ ውሃው ዘንድ መድረስ ብልሃት ይጠይቃል። ባለፈው ዓመት እዚያው ከተማ አንድ በር ላይ ዘበኛው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ «ጋሼ፣ መግቢያ ይከፈላል» አለኝ። «እኔ እኮ ሐይቁን አይቼ ልመለስ ነው» ስለው፣ «ለማየትም ነው» አለ። ከፈልኩ፤ ገባሁ፤ የጋራ ሀብቴን አየሁ፤ ማኪያቶም ጠጣሁ።

በአጥር የሚያማርር ሰው ሞልቷል። እኔን ያሳሰበኝ ግን አጥር የማያግደው ነገር ነው። ያን ዕለት ያደርኩት እዚያው አካባቢ ቤት የሠራ ወዳጄ ዘንድ ነበር። ግቢውን ሲያስጎበኘኝ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ክዳን በጫማው መታ መታ አድርጎ፣ «14 ዓመት! አንድ ቀን አስመጥጬ አላውቅም» አለኝ። በኩራት ነው የሚናገረው። ይህን ኩራት እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም፤ በየከተማው «ጉድጓዴ ሞልቶ አያውቅም» ማለት «ግንበኛዬ ጎበዝ ነው» ማለት ነው።

ነገሩን ካሰብነው ግን ይህ ኩራት ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ደንበኛ ሴፕቲክ ታንክ፣ ብዙ ሰው «ሴፍቲ ታንከር» የሚለው፣ ግድግዳውም ወለሉም የማያሳልፍ ነው። ደረቁ ከታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መሃሉ ወደ ማስረጊያው ያልፋል። ዝቃጩ በየጥቂት ዓመቱ በመኪና ተመጥጦ መውጣት አለበት። ዓመት ከዓመት የማይሞላ ጉድጓድ እንግዲህ ወለሉ ያልተለሰነ ጉድጓድ ነው። አልሞላም ማለት ሄዷል ማለት ነው። ወዴት? ቁልቁል። እነዚህ ሐይቆች ደግሞ ከዝናብ ሌላ የከርሰ ምድር ውሃ የሚመግባቸው፣ በወንዝ የሚወጡበት መንገድ የሌላቸው ናቸው። በፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አልጌውን ያፋፋዋል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ዓሣው ያልቃል። ጀርሙም በጉድጓድ ውሃ በኩል ዞሮ ባለቤቱ ቤት ሊገባ ይችላል። የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ!

ማዘጋጃ ቤቶቻችንስ? ለግንባታ ፈቃድ የጉድጓዱን ሥዕል ይጠይቃሉ፤ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ሥዕሉ ፋይል ውስጥ ይተኛል፤ ጉድጓዱ መሬት ውስጥ ይተኛል፤ ሁለቱ የሚተያዩበት ቀን የለም። መፍትሔው ግን ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። ጉድጓዱ ሳይከደን አንድ ባለሙያ ይምጣ፤ ውሃ ተሞልቶ ይደር፤ ጠዋት ጎድሎ ከተገኘ ግንበኛው ይመለስ። ዓመታዊው የቤትና የቦታ ግብር ሲከፈልም «ለመጨረሻ ጊዜ ያስመጠጥከው መቼ ነው? ደረሰኝህስ?» ይባል። እርግጥ ነው፣ መኪናው የመጠጠውን የሚደፋበት ቦታ ማዘጋጀት የአስተዳደሩ ዕዳ ነው። አለዚያ ከጉድጓድ አውጥቶ ወንዝ ውስጥ መድፋት ይሆናል።

የአጥሩና የጉድጓዱ ጉዳይ ለእኔ አንድ ነው። ሕዝብ የሚመላለስበት ዳርቻ ጠባቂ አያጣም። ውሃው ቀለሙ ሲለወጥ ቀድሞ የሚያየው፣ ሲሸት ቀድሞ የሚሸተው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ከብት የሚያጠጣው ልጅ ነው። እነሱን ከዳርቻው ስናርቅ ምስክሮቹን አራቅን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችሁ ነው ብሎናል፤ የማናየውን መብት ግን ማን ይጠይቅልናል?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ለካ ሐይቅም ሲወሰድ እንደዚሁ ነው፤ ዳርቻው በአጥር፣ ሆዱ በፍሳሽ፣ እያሳሳቀ።