ከተሳቢ ጀርባ

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት የለመደበትን ቀን ላያስታውስ ይችላል፤ የወደቀበትን ግን አይረሳም። እኛ የከተማዋ ልጆች በብስክሌት ተምረናል፣ በብስክሌት ዳቦ ገዝተናል፣ በብስክሌት ልጃገረድ ሸኝተናል (ከኋላ አስቀምጠን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ እንዳልደከመው ሰው እያፏጨን)። ከተማዋ ሐይቅ ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። ባጃጅ ሳይሞላት በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ብስክሌት ይሆን ነበር።

ታዲያ ሜዳም ቢሆን እግር ይደክማል። የድካማችን መድኃኒት ተሳቢ ነበር።

አዎ፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ተሳቢ ነው። «ርዕስ ጠፍቶባችሁ ነው?» የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። አልጠፋብንም። ይህን ርዕስ ለዓመታት ስንሸሸው ኖረን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ጎንደር የሚወስደው አሮጌው የዓባይ ድልድይ ጠባብ ስለነበር ከባድ መኪና ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ድልድዩን ወታደር ስለሚጠብቀው እዚያው ላይ መሞከር አይታሰብም። እኛ ማዶ ተሻግረን እንጠብቃለን። ተሳቢው ድልድዩን ጨርሶ ፍጥነት ሳይጨምር ፔዳል ረግጠን እንደርስበትና በግራ እጃችን የተሳቢውን ብረት እንይዛለን። ከዚያ በኋላ እግር ያርፋል፤ ነፋስ ሸሚዝ ይነፋል፤ ዘንዘልማ ድረስ በነጻ እንሄዳለን። ስንመለስ ሌላ ተሳቢ አለ።

በመካከላችን ማዕረግም ነበረን። ከኋላ፣ ጅራቱን የሚይዘው ጀማሪ ነው። ጎኑን፣ ከጎማው አጠገብ የሚይዘው ደግሞ ጀግና ይባላል። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሲሰይም ተሳቢ ግን በስሙ ቀረ። ለእኛ እንደ አያት ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ከኋላው ብንንጠለጠል የማይቆጣ። የማይቆጣው ስላላየን መሆኑን ያኔ አላሰብነውም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል አራት ሆነን ወጣን። ከአራታችን ጀግናው ጎኑን ያዘ፤ ሦስታችን ከኋላ ነበርን። ትንሽ እንደሄድን መኪናው ወደ ግራ ከፈት አለና ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ማደያ ሊገባ ነው። የመኪናው ፊት ከጓደኛችን በጣም ርቆ ስለዞረ ተሳቢውም በዚያው መስመር የሚከተለው መስሎን ነበር። አልተከተለም። ወደ ውስጥ ቆርጦ መጣ። የኋላው ጎማ መጀመሪያ ብስክሌቱን፣ ከዚያ እግሩን ያዘ።

ሾፌሩ ወርዶ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ረዳቱ ልጁን አቅፎ ወደ መንገድ ሮጠ። እኛ ቆምን።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። «እናንተ ልጆች፣ ምን ሆነ?» አለን። ከእኛ አንዱ «ዳር ዳሩን ሲሄድ ገጨው» አለ። «መኪናውን ይዞ አልነበረም?» «አልያዘም።» ሁለታችን በራስ ነቀነቅን። አስቀድመን አልተማከርንም፤ ግን አንዳችንም አላመነታንም። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ እኔ አላየሁትም፤ እግዜር ያውቃል አላየሁትም» ይል ነበር። ይዘውት ሄዱ።

የጓደኛችን እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሾፌሩ ታስሮ ሰነበተ፤ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ሄዶ የመኪናው ባለቤት ገንዘብ ከፈለና ተለቀቀ ሲባል ሰማን። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አናውቅም። እኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሳቢ አልያዝንም። እውነቱንም አልተናገርንም።

ዓመታት አለፉ። ከእኛ አንዱ ሕግ ተማረና አንድ ቀን ማታ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 2081 ስለ መኪና ባለቤት ይናገራል፤ መኪናው ጉዳት ካደረሰ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ከባድ ሕግ ነው። በአንቀጽ 2086 ግን አንድ በር ተከፍቷል፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል የደረሰው በተጎጂው ጥፋት ከሆነ ኃላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ሾፌሩን በተመለከተ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ያደረሰን ሰው ይቀጣል፤ ቸልተኛ ለመባል ግን ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ የተወ መሆን አለበት። ጓደኛችን አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ዘጋና «የዘጋንበት በር ይሄ ነው» አለ። ሌላ ነገር የተናገረ የለም።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ በተሳቢ ጋቢና ሄደ። ደጀን ላይ የዓባይን በረሃ መውረድ ሲጀምሩ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ጉልበት ይወርድ ጀመር። «ጋሼ፣ ለምን ፍሬን አይዙም?» አለው። «ልጄ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ይዤ ከወረድኩ ይግላል፤ ከጋለ አይዝም። ደግሞ ፊተኛው ቆሞ ኋለኛው ካልቆመ ተሳቢው ይገፋኛል፤ ከገፋኝ ታጥፎ ይመጣብኛል።» ረዳቱ ታኮውን ከእግሩ ሥር አድርጎ በተጠንቀቅ ተቀምጧል። ጓደኛችን ልቡ እየመታ ቀጠለ፤ «ከኋላ ልጆች ቢንጠለጠሉ ያያሉ?» ሾፌሩ ስፖኪዮውን በአገጩ አመለከተው። «ይሄ የሚያሳየኝ ጎኑን ነው፤ እሱንም ቀጥ ብዬ ስሄድ። ግራ ስታጠፍ ቀኙ ይጠፋብኛል። ጅራቱን እግዜር ይየው።»

ያን ጊዜ ገባን። እኛ ሕግ ማለት ፉጨትና ክስ ወረቀት ይመስለን ነበር። የተሳቢ ሕግ ግን አብዛኛው የዚህ ሾፌር ዕውቀት በቁጥር ተጽፎ ነው። በፊት በነበረው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ተሳቢ ለመንዳት 5ኛ የሚጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁለት መጋጠሚያ ያለው ነገር መጎተት፣ በተለይ ወደ ኋላ መንዳት፣ ሌላ ሙያ ነው። ተሽከርካሪን ለመመዝገብና ለመመርመር የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሳቢንም ይጨምራል፤ የኋላው ፍሬንና መብራት ካልሠራ የፊተኛው ጤንነት ዋጋ የለውምና። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ተሳቢዎች በከፊል ተሳቢ ይተኩ ብሎ ከባለንብረቶች ጋር የተከራከረበትም ምክንያት አደጋ ነበር። ከፊል ተሳቢ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ስላለው ለመቆጣጠር ይቀላል። የባለንብረቶቹ ጥያቄም ተራ አልነበረም፤ ያ ብረት ቤት የሚያስተዳድር ሀብታቸው ነው።

ሌላውም ዓለም በዚሁ መንገድ አልፏል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ የተሳቢ ሕግ አለው፤ ካሊፎርኒያ ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሰዓት ከ55 ማይል (88 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ እንዳይሄድ ትከለክላለች። አውሮፓውያን በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ከባድ መኪናና ተሳቢ በጎኑ፣ በጎማዎቹ መካከል፣ መከላከያ ብረት እንዲኖረው አዘዋል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ከሥር እንዳይገባ። ከዚያም በፊት በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌተኛ በሌላ ተሽከርካሪ እንዳይጎተት ይከለክላል። ይህን ስናነብ ተያየን። እኛ ዘንዘልማ መንገድ ላይ የፈጠርነው የመሰለንን ጨዋታ፣ እኛ ሳንወለድ ሰዎች ተሰብስበው አንቀጽ አውጥተውለት ኖሯል።

ግን ማን ነገረን? በየትምህርት ቤቱ የትራፊክ መብራት ቀለም አስተምረውናል፤ ያኔ ከመብራቱ ይልቅ የምናውቀው ተሳቢውን ነበር። «ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ የፊቱን መንገድ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረን የጓደኛችን እግር ዛሬ ይኖር ነበር ብለን እናምናለን። ይህን የምንለው ጥፋታችንን ወደ መምህራን ለማሻገር አይደለም። መያዛችን ያለማወቅ ነበር፤ መዋሸታችን ግን እያወቅን ነው።

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ እግረኛም ብስክሌተኛም የራሱ መስመር አለው። እንደተከፈተ ሰሞን ልናየው ሄድን። ዓባይ ከሥር፣ ጣና ከወዲያ፣ እኛም እንደማንኛውም ሰው ፎቶ ስንነሳ አንድ ተሳቢ አለፈ። ከኋላው አንድ ልጅ ተንጠልጥሏል። የራሱ መስመር ባዶውን ተዘርግቶለት! «ልቀቀው!» ብለን ጮኽን። ልጁ ዞሮ ሳቀብን፤ እኛም የምናውቀውን ሳቅ። ያ ልጅ በሰላም ቤቱ ገብቶ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይገባል። እኛንም ያጀገነን ይኸው ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ እግሩ ወደተቆረጠው ጓደኛችን ሄደን የሆነውን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና «እኔም ይዤ እንደነበር አውቃለሁ እኮ። እናንተ ስትዋሹ እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ከወጣሁ በኋላ ግን የገንዘቡን ነገር ሳስብ ዝም አልኩ» አለ። «ጻፉት» ያለንም እሱ ነው።

እንግዲህ ጽፈነዋል። ተሳቢ ላይ የምትንጠለጠል ወንድማችን፣ ከፊትህ ያለው ሰው አያይህም፤ ሲታጠፍም ጎማው ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ልቀቀው። በ1998 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ ማደያ ሊገባ ሲታጠፍ ሕይወቱ የተበላሸበት ሾፌር ደግሞ፣ ስምህን አናውቅም። አላየሁትም ስትል እውነትህን ነበር። ልጁ ይዞ ነበር። እኛም አይተን ነበር።