ሳንጠይቃቸው ሄዱ

ሰውየው ነበሩን። ዘዴው ነበረን። አዛውንቶቹም በሕይወት ነበሩ። ታዲያ ምን ጎድሎን ነው?

ሰውየው፣ ፕሮፌሰር ሃሮልድ ኦርተን፣ በ1898 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ ባየርስ ግሪን በምትባል መንደር ተወለዱ። ብዙ ሰው ሲማር የመንደሩን አነጋገር ያፍርበታል። እሳቸው ግን አጠኑት፤ በ1933 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። ኋላም ከስዊዘርላንዳዊው ምሁር ከዩጂን ዲት ጋር ሆነው ከ1,300 በላይ ጥያቄዎች አዘጋጁ። ከ1950 እስከ 1961 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች 313 ቦታ እየዞሩ ጠየቁ። ላም የምታድርበትን ቤት ምን ትሉታላችሁ? ከአንድ እናት ከተወለዱት የአሳማ ግልገሎች ደካማውንስ? መልሱን ከሽማግሌዎቹ አፍ ሰምተው፣ ድምፁን ሳይቀር በእጃቸው ጻፉት።

እነዚያ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወለዱ ነበሩ። ሬዲዮ ቤታቸው ሳይገባ አፋቸውን የፈቱ! እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ ይገኛል?

ጥናቱ ግን ያዘነበለው ወደ ገጠሩ ወንድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያረጀችውን ሸማኔ ስንቶቻችን ጠየቅናት? የከተማውን ወዛደር ንግግር ስንቶቻችን ከቁም ነገር ቆጠርነው? «በኋላ ይደረስበታል» አልን። ሞት ግን በኋላ አይልም።

በ1964 ሊድስ ላይ የዘዬና የባህላዊ ሕይወት ጥናት ተቋም ተከፈተ። ተማሪዎች ወጡ፤ ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ የእጅ ሥራውን፣ የበዓሉን ወግ ለቀሙ። በር ተከፍቶልን ነበር። በ1983 ተዘጋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ያን ጊዜ ቋንቋ እንወዳለን የምንል ሰዎች የት ነበርን? ማን ጮኸ? ማን ከበሩ ላይ ቆመ?

መዝገቡና የተቀረጸው ድምፅ እንደሆነ አልጠፋም፤ ዛሬም ሊድስ ተቀምጧል። ይህ ያጽናናናል? ቴፕ የሚመልሰው ያኔ የተጠየቀውን ብቻ ነው። እኛ ያጣነው ወረቀት አይደለም፤ ጠያቂ ነው። በየዓመቱ ከዚያ ቤት ሊወጣ ይችል የነበረው፣ ደጅ አንኳኩቶ «አባቴ፣ ይህን ምን ይሉታል?» የሚል ወጣት ነው። እሱ ቢኖር ኖሮ የሸማኔዋ ልጅ ትጠየቅ ነበር፤ የወዛደሩም ልጅ ይጠየቅ ነበር። ማድረግ ይቻል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲደረግ አይተናል እኮ!

ኦርተን በ1975 አረፉ። የደከሙለት የእንግሊዝ የቋንቋ አትላስ በ1978 ታተመ። የሊድሱ ተቋም ከዚያ በኋላ የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው።